ምክር በወረቀት፣ ጥበብ በጊፋታ

ለዕለት ኑሮ ጥበብ እንሰጣለን የሚሉ መጻሕፍት ከአዲስ አበባ እስከ ወላይታ ሶዶ በየመንገዱ ዳር ተደርድረው ይሸጣሉ። የብዙዎቹ አባት አሜሪካዊው ዴል ካርኔጊ ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም። እ.ኤ.አ. በ1936 ያሳተመው ስለ ወዳጅ ማፍራት የሚመክር መጽሐፉ ወደ አማርኛም ተመልሶ ተነቧል።

ካርኔጊን ማጣጣል አይገባም። የሰውን ስም አትርሳ፣ ሲናገር አዳምጠው፣ ስታጠፋ ቶሎ እመን ማለቱ በየትኛውም አገር የሚያስኬድ ምክር ነው። ይሁን እንጂ መጽሐፉ የሚያነጋግረው አንድን ሰው ለብቻው ነው። ምክሩን መቼ ይፈጽመው? ሲፈጽምስ ማን ይየው? ይህን ሁሉ ለአንባቢው ፈቃድ ይተወዋል። ፈቃድ ደግሞ፣ ሁላችንም እንደምናውቀው፣ ነገን ከነገ ወዲያ ማድረግ ይወዳል።

ኦቶና ሲባል ሶዶ ያለው ሆስፒታል ትዝ የሚለው ሰው ብዙ ነው። በዙሪያው የሚኖረው ሕዝብ ግን ለኑሮ ሕመም ከቀድሞ ጀምሮ የራሱ መድኃኒት አለው፤ ጊፋታ ይባላል። በመስከረም አጋማሽ አካባቢ፣ በእሁድ ቀን የሚብተው ይህ የወላይታ ዘመን መለወጫ ከመድረሱ በፊት የተጣላ ይታረቃል፣ ባለዕዳ ዕዳውን ይከፍላል። ወንዶች ለእርድ በሬ፣ ሴቶች ለቅቤ መግዣ ዓመቱን ሙሉ በቡድን ገንዘብ ያጠራቅማሉ።

እንግዲህ ታረቅ፣ ዕዳህን ክፈል፣ ቆጥብ የሚለውን የትኛውም የምክር መጽሐፍ ይለዋል። ጊፋታ የሚበልጠው ምክሩን ቀን ቆርጦለት፣ ጎረቤትን ምስክር አድርጎለት ስለሚመጣ ነው። ቂሙን ይዞ ወደ አዲሱ ዓመት መሻገር የሚፈልግ ሰው የሚያፍረው ከመጽሐፍ ፊት ሳይሆን ከሰው ፊት ነው።

እዚህ ላይ አንድ ተቃውሞ መነሳቱ አይቀርም፤ ደግሞም እውነት አለው። በቀን የተቆረጠ ዕርቅ ከአፍ ሳያልፍ ሊቀር ይችላል። መዋጮ ያጣ ድኃም በበዓሉ ቀን አንገቱን ሊደፋ ይችላል። መጽሐፍ በዚህ በኩል ደግ ነው፤ ማንም ሳያይ በሌሊት ገልጦ ራስን መመርመር ይቻልበታል።

የሚያሳስበው ሌላ ነው። ጊፋታ በቅርብ ዓመታት በሶዶ ከተማ በአደባባይ፣ በንግግርና በጭፈራ ታጅቦ ይከበራል። መከበሩ ደስ ያሰኛል። ነገር ግን ዕዳውና ዕርቁ ተረስተው ጭፈራው ብቻ ከቀረ፣ ሕዝቡ የገዛ ጥበቡ ተመልካች ሆኖ ያርፋል። ያን ጊዜ በዓሉም በመደርደሪያ ላይ አቧራ ከጠጣ የምክር መጽሐፍ አይሻልም።

ስለዚህ አንባቢ ሆይ፣ ካርኔጊንም ያንብቡ። አንብበው ሲጨርሱ ግን የትኛውን ምክር፣ ከማን ጋር፣ እስከ መቼ ቀን እንደሚፈጽሙ ይወስኑ። ይህን መጽሐፉ አይነግርዎትም፤ የወላይታ ገበሬ ግን በየመስከረሙ ሲያደርገው ኖሯል።