ከለንደን አደባባይ ሥር

በአሮጌው የለንደን ክፍል፣ ጊልድሆል ከተባለው ጥንታዊ የከተማ አስተዳደር ሕንፃ ፊት ለፊት ባለው አደባባይ ንጣፍ ላይ፣ ስፋቱ 80 ሜትር ገደማ የሆነ የጥቁር ድንጋይ ክብ መስመር ይታያል፤ መስመሩ የሚያመለክተው ከሥሩ ተቀብሮ የኖረውን የሮማውያን አምፊቲያትር፣ ማለትም ግላዲያተር የሚባሉት ተፋላሚዎችና አራዊት በሕዝብ ፊት የሚጋጠሙበትን ሞላላ የትርኢት ሥፍራ ነው። አምፊቲያትሩ ከተማዋ ሎንዲኒየም ትባል በነበረበት ዘመን፣ እ.ኤ.አ. በ70 ገደማ ከእንጨት ተሠርቶ፣ በሁለተኛው መቶ ክፍለ ዘመን መጀመሪያ የድንጋይ ግንብ ተጨምሮለታል፤ አርኪዮሎጂስቶች ያገኙት ግን እ.ኤ.አ. በ1988፣ አዲስ የሥነ ጥበብ ማሳያ አዳራሽ የሚሠራበትን ቦታ በቁፋሮ ሲያጠኑ ነበር።

ከግንቡም ይልቅ ሊደነቅ የሚገባው የእንጨት የፍሳሽ ቦይ ነው። አፈሩ ውኃ ያዘለ በመሆኑ አየር ወደ እንጨቱ ሳይደርስ ስለቀረ፣ ሳንቃው 1,900 ዓመታት ያህል ሳይበሰብስ ቆይቷል፤ በእንጨቱ ውስጥ ያሉትን የዕድገት ቀለበቶች በመመርመርም ዛፉ የተቆረጠበትን ዘመን ማወቅ ተችሏል። በቦዩ መካከል ደለል እየዘቀጠ እንዲቀርና መውረጃው እንዳይደፈን የተቀመጠ የሣጥን ቅርጽ ያለው ማጥለያ አለ፤ በሺህ የሚቆጠር ተመልካች የሚጮኽበትን ሜዳ ከጭቃ ለመጠበቅ የተጨነቀው የዚያ ስሙ ያልታወቀ አናጺ ጥንቃቄ፣ ከትርኢቱ ሁሉ የላቀ ክብር ይገባዋል። ከ2002 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ሥፍራው ለሕዝብ ክፍት ሲሆን፣ ጎብኚው ወደ አዳራሹ ምድር ቤት ወርዶ በጥንቱ ምሥራቃዊ በር በኩል ወደ ሜዳው ይገባል።