የበሩ ክፍተት

እዚህ ሜሪላንድ ጋራዥ ዘግቼ ቤቴ ስገባ ስልኬ ላይ የሚጠብቀኝ ፎቶ አንድ ዓይነት ነው፤ ታጥባ፣ ፀሐይ ዘቅዘቅ ሲል የተነሳች አሮጌ የስፖርት መኪና። «ጋሼ፣ እስቲ ይቺን እያት፤ ቀብድ ልላክ?» ይለኛል ላኪው። ብዙውን ጊዜ ኤምጂቢ ናት። እንግሊዝ አገር አቢንግደን ከተማ እ.ኤ.አ. ከ1962 እስከ 1980 ከግማሽ ሚሊዮን በላይ ተሠርታለች፤ ብዙዎቹም የመጡት ወደ አሜሪካ ስለሆነ ዛሬም በደመወዝተኛ አቅም ትገኛለች።

እኔ ቀለሟን አላይም። መጀመሪያ የማየው በሯን፣ በተለይም በበሩና በኋላው ፓራፋንጎ መካከል ያለችውን ቀጭን ክፍተት ነው። ክፍተቷ ከላይ ጠብባ ከታች ከሰፋች መኪናዋ ወገቧ ጎብጧል ማለት ነው። ከእሷ በፊት የነበረችው ኤምጂኤ ለብቻው የቆመ ሻንሲ ነበራት። ኤምጂቢ ግን የላትም፤ አካሏ ራሱ ሻንሲዋ ነው። ጣሪያ የሌላትን ደግሞ ወገቧን ቀጥ አድርጎ የሚይዝላት ከበሮቹ ሥር በግራና በቀኝ የሚሄደው፣ እንደ ሳጥን የተበየደው ላሜራ ነው። እሱን ዝገት ከበላው የቀረው ሁሉ ጌጥ ነው።

ይህን የተማርኩት በገንዘቤ ነው። ከሩቅ ስቴት አንዲት የ1971 ኤምጂቢ በፎቶ ብቻ ገዛሁ። ከፎቶዎቹ አንዱም ከሥር የተነሳ አልነበረም፤ እኔም አልጠየቅሁም። ከጭነት መኪናው ስትወርድ ልቤ በደስታ ዘለለ። በሩን ከፍቼ ጎኗን በክሪክ ወደ ላይ አነሳሁና በሩን ልዝጋ ስል ገጭ ብሎ ቆመ። እንደገና ገፋሁት፤ አልገባም። መኪናዋ መሐሏ ላይ ታጥፋለች። ማግኔት በጨርቅ ጠቅልዬ ከበሩ ሥር ባስጠጋው አልያዘም፣ ሸርተት ብሎ ወደቀ። ስቱኮ ነው። ካቻቢቴ ሰደድ ሳደርግ እስከ እጀታው ገባ፤ እፍኝ ሙሉ ቡናማ ዱቄትም ወለሉ ላይ ፈሰሰ። ያን ቀን አንጀቴ ቁርጥ አለ።

አታላዩ ጥገና የት ላይ እንደሚታወቅ ያሳየችኝም እሷው ናት። ያ ላሜራ በሩ ሥር አያበቃም፤ በፊተኛው ፓራፋንጎ ጀርባ ገብቶ ይቀጥላል። በትክክል የሚጠግን ሰው የፓራፋንጎውን የታችኛውን ጫፍ ቆርጦ፣ የበሰበሰውን ከውስጥ አውጥቶ፣ አዲሱን በይዶ መልሶ ይገጥመዋል። ብዙ ቀን ይፈጃል። ቸኳዩ ግን አዲስ ቆርቆሮ በአሮጌው ላይ ደርቦ ፓራፋንጎው ጫፍ ላይ ያቆመዋል፤ ስቱኮ ቀብቶ ቀለም ይረጭበታል። ከላይ ሲያዩት ሙሽራ ነው፤ ውስጥ ውስጡን ግን መበስበሱ አይቆምም።

ስለዚህ ከርቀት ለሚገዛ ሁሉ የማስጠይቀው ቪዲዮ ነው፦ በሩ ተከፍቶ ጎኗ በክሪክ ሲነሳ፣ ከዚያም በሩ ሲዘጋ። ማግኔቱም ከበሩ ሥር ከጫፍ ጫፍ ይሂድ። ከፊት ጎማው ኋላ፣ ጭቃ የሚከማችበት ቦታ፣ በመብራት ፎቶ ይነሳ። መኪናውን የሚያፈቅር ሻጭ በዚህ አይከፋም፤ አንድ አዛውንት ያልጠየቅሁትን ሁሉ ቀርጸው ልከውልኛል። ክረምት ላይ መንገዱ ጨው በሚነሰነስበት ስቴት ዕድሜዋን ከገፋችማ ያለዚህ ቪዲዮ ሳንቲም አይላክም።

ሞተሩ ያን ያህል አያስፈራኝም። 1798 ሲሲ ነው፣ መለዋወጫው ዛሬም ይመረታል። ማደሪያዋ ላይ ቀዝቅዛ ስትነሳ ልስማት፤ ሞቃ ስትሄድም የዘይት ግፊቷ ከ50 ፓውንድ አይውረድ። የሻንሲ ቁጥሯ ከታይትሉ ጋር አንድ ይሁን፤ ይበቃኛል።

ባለፈው እሑድ አንድ የሰፈራችን ልጅ ያገኛት ሰማያዊ መኪና ቪዲዮ መጣ። ግራው በር ክሪኩ ላይ ሆና እንኳ ጠቅ ብሎ ተዘጋ። ቀኙ ግን ሊዘጋ ሲል ታች ጥግ ላይ ፋቅ አደረገ። ልጁ አልሰማውም፤ እኔ ሦስት ጊዜ መልሼ አዳመጥኩት። «ቀብዱን ያዘው፤ የቀኙን ሥር በመብራት አንስቶ ይላክ» አልኩት። ፎቶውን እየጠበቅን ነው።