ፎቶ አንሺና ጥንብ አንሣ

ፎቶግራፍ ከኪነ ጥበብ ዘርፎች አንዱ መሆኑን ዛሬ የሚክድ የለም። ይሁን እንጂ ሒሳችን ለግጥሙ፣ ለልቦለዱና ለተውኔቱ የሚሰጠውን ያህል ትኩረት ለፎቶግራፍ፣ በተለይም ለአዕዋፍና ለዱር አራዊት ፎቶግራፍ ሰጥቶ አያውቅም። የአንድ ንስር ምስል ሲቀርብልን «እንዴት ያምራል!» ብለን እናልፋለን። ድርሰት ቢሆን ኖሮ ግን ጭብጡ ምንድን ነው? ደራሲው ማንን አሳየ? ማንንስ ሸሸገ? ብለን እንጠይቅ ነበር። የዚህ ጽሑፍ ዓላማም ይህንኑ ጥያቄ በሰሜን ወሎ፣ በወልድያና በመርሳ ተራሮች ግርጌ በምትገኘው በሐራ አካባቢ፣ በመፀው መውጫ ለሚነሣው የአዕዋፍ ፎቶግራፍ ማቅረብ ነው።

ቦታውና ወቅቱ በዘፈቀደ የተመረጡ አይደሉም። በአገራችን የዘመን አቆጣጠር መፀው ከመስከረም 26 እስከ ታኅሣሥ 25 ይዘልቃል፤ ኅዳርና ታኅሣሥ መውጫው ናቸው። በዚህ ጊዜ ክረምት ያጠበው ሰማይ ገና በአቧራ አልደፈረሰም። በኅዳር መጨረሻ ፀሐይ ወደ ደቡብ ስለምታዘነብል በእኩለ ቀን እንኳ ከአድማስ በላይ 60 ዲግሪ አትሞላም፤ ስለዚህም ጥላ ይረዝማል፣ የላባው እጥፋት አንድ በአንድ ይለያል። ሐራ ከወልድያ ወደ ሚሌ በሚወርደው መንገድ፣ ደጋው ለአፋር ቆላ ቦታውን በሚለቅበት ጠርዝ ላይ ናት። የማለዳው ብርሃን ከምሥራቁ ሜዳ ያለ ከልካይ ይደርሳታል፤ ማታ ግን ፀሐይ ከምዕራቡ ተራራ ጀርባ ቀድማ ትሸሸጋለች። ለፎቶ አንሺ ከዚህ የተሻለ የብርሃን ሁኔታ ማግኘት ያስቸግራል።

ወፉም ሞልቷል። በኢትዮጵያ ከ850 በላይ የአዕዋፍ ዝርያዎች ተመዝግበዋል። ከነዋሪዎቹ ሌላ፣ የአውሮፓንና የእስያን ብርድ ሸሽተው በስምጥ ሸለቆና በቀይ ባሕር መሥመር የሚወርዱት እንግዶች በዚሁ ወቅት ይገባሉ። በዚህ መሥመር ክንፋቸውን ዘርግተው በሞቃት አየር እየተንሳፈፉ የሚያልፉት ንስሮች፣ ጭልፊቶች፣ ሽመላዎችና የመሳሰሉት ብቻ ከ1.5 ሚሊዮን በላይ እንደሚሆኑ ይገመታል። በ1980 ዓ.ም. መፀው በባብ ኤል መንደብ በተካሄደ ቆጠራ ወደ ሩብ ሚሊዮን የሚጠጉ አዳኝ አዕዋፍ ከዐረቢያ ወደ አፍሪቃ ሲሻገሩ ታይተዋል። እንግዲህ በሐራ ሰማይ ላይ በኅዳር የሚዞረው ክንፍ የአንድ ቀበሌ ጉዳይ ብቻ አይደለም።

ከዚህ በኋላ ቃሉን እንመልከት። በአማርኛ ፎቶ «ይነሣል»፤ ባለሙያውም «ፎቶ አንሺ» ይባላል። በሌሎች ቋንቋዎች ለዚሁ ሥራ የአደን ቃል፣ የተኩስ ቃል ያገለግላል። የኛ ቃል ግን የወደቀን ነገር ከመሬት አንሥቶ ከፍ ማድረግን ያመለክታል። ይኸው ግሥ በሌላ ስም ውስጥም ይገኛል፤ ጥንብ አንሣ። ሁለቱም «አንሺዎች» ናቸው፤ ሁለቱም ከላይ ሆነው ያያሉ፣ ሁለቱም ይጠብቃሉ። ልዩነታቸው ያነሡትን ለምን እንዳነሡት ነው። ይህ የቃላት ጨዋታ መስሎ የሚታየው አንባቢ ጥቂት ይታገሠን።

የወፍ ሥዕልና አደን የቆየ ዝምድና አላቸው። በዓለም ታዋቂ ከሆኑት የአዕዋፍ ሠዓሊዎች አንዱ፣ አሜሪካዊው ሉዊስ አጋሲዝ ፉዌርተስ፣ እ.ኤ.አ. በ1926 እና 1927 ከቺካጎው ፊልድ ሙዚየም የጥናት ቡድን ጋር ወደ ኢትዮጵያ መጥቶ ነበር። ቡድኑ ወፎቹንና አራዊቱን በጠመንጃ እየጣለ ለሙዚየሙ ይሰበስብ ነበር፤ ሠዓሊውም የላባው ቀለም ሳይደበዝዝ ቀለሙን ይበጠብጣል። ወደ አገሩ በተመለሰ በጥቂት ወራት ውስጥ በአደጋ ሞተ፤ ከሥዕሎቹ የተመረጡት 32ቱ እ.ኤ.አ. በ1930 በአልበም ታተሙ። የፉዌርተስ ወፎች የሞቱ አይመስሉም፤ ጥበቡም ይኸው ነው። ካሜራ ከዚህ አንፃር ታላቅ እመርታ አምጥቷል፤ ወፉን ለማየት ወፉን መግደል አላስፈለገም። ነገር ግን የአዳኙ ልማድ ከጠመንጃው ጋር አብሮ አልተሰናበተም። ብርቅዬውን ቀድሞ መጣል ብርቅዬውን ቀድሞ ማንሣት ሆነ፤ ግድግዳ ላይ የሚሰቀለው ቀንድ በምስል ተተካ። በዚህ ልማድ የሚነሣ ወፍ አገርም ወቅትም የለውም። ረጅሙ ሌንስ ዳራውን አደብዝዞ ከዛፉ፣ ከማሳውና ከሰዉ ይነጥለዋል።

አሁን ወደ ወሎ የፎቶግራፍ ታሪክ እንመለስ። የዓለም ካሜራ ወሎን ያወቀው በወፍ አይደለም። እንግሊዛዊው ጋዜጠኛ ጆናታን ዲምብልቢ «ያልታወቀው ረሃብ» በሚል ርእስ ያዘጋጀው ፊልም በጥቅምት 1966 ዓ.ም. በአገሩ ቴሌቪዥን ታየ፤ በዓመቱ፣ መስከረም 1 ቀን 1967 ዓ.ም. ማታ፣ ከቤተ መንግሥት ድግስ ምስሎች ጋር ተቀናብሮ ለኢትዮጵያ ተመልካች ቀረበ፤ በማግሥቱ ንጉሠ ነገሥቱ ከሥልጣን ወረዱ። እንደገና ጥቅምት 13 ቀን 1977 ዓ.ም.፣ ኬንያዊው መሐመድ አሚን ከወልድያ በስተ ሰሜን በኮረም የቀረፀው ምስል፣ ከማይክል በርክ ዘገባ ጋር በቢቢሲ ተላልፎ ዓለምን አንቀጠቀጠ። ሁለቱም ምስሎች እውነት ነበሩ፤ ሁለቱም የተሸሸገውን ገልጠዋል፤ ዕርዳታም አስገኝተዋል። ሁለቱም የወጡት በመፀው መሆኑን ግን ልብ እንበል። አዝመራ መሰብሰብ በሚገባው ወር አዝመራ አልነበረም።

ይሁን እንጂ ዋጋ ተከፍሎበታል። በነዚያ ምስሎች የወሎ ሰው የሚጠብቅ እንጂ የሚሠራ ሆኖ አልታየም። ማሳው፣ በሬው፣ ማረሻው፣ ቋንቋው ከፍሬሙ ውጭ ቀሩ። ይህ ዓይነቱ አቆራረጥ ጫፍ የደረሰው ወሎ ላይ ሳይሆን በደቡብ ሱዳን ነው። እ.ኤ.አ. በ1993 ኬቪን ካርተር አዮድ በተባለ ስፍራ በረሃብ የተጎሳቆለ ሕፃንና ከበስተኋላው የቆመ ጥንብ አንሣ አነሣ፤ በማግሥቱ ዓመት የፑሊትዘር ሽልማት አገኘበት። ያ ምስል ሲታይ ሰዎች የጠየቁት ስለ ወፉ አልነበረም፤ «ፎቶ አንሺው ምን ያደርግ ነበር?» ብለው ነበር። የሁለቱ «አንሺዎች» ስም በአንድ ግሥ የተሠራ መሆኑ ከዚህ በላይ ጎልቶ የታየበት ጊዜ የለም።

እንግዲህ የዚህ ጽሑፍ መከራከሪያ ይህ ነው፤ የረሃቡ ፎቶግራፍ ሰውን ከማሳው ቆርጦ አወጣ፤ የአዕዋፍ ፎቶግራፍ ደግሞ ወፍን ከሰው ቆርጦ ያወጣል። ሁለቱ ተቃራኒ ይመስላሉ እንጂ የአንድ መቀስ ሁለት ስለቶች ናቸው። በአንዱ አገሩ ሁሉ መከራ ነው፤ በሌላው አገሩ ሁሉ ገነት ነው። በሁለቱም ውስጥ የሐብሩ ገበሬ የለም።

ይህ ገበሬ በመፀው መውጫ ከወፍ ጋር ያለው ግንኙነት ምን ይመስላል? ማሽላው እሸት ሆኖ እስኪታጨድ ድረስ ማሳው መሀል ማማ ይቆማል፤ ማማው ላይ ልጅ ወንጭፍ ይዞ ይውላል። ወፍ ጥበቃ ይባላል። ልጁ ጎሕ ሳይቀድ ይወጣል፤ ምክንያቱም ወፍና ብርሃን አብረው ይመጣሉ። መምህራን እንደሚያውቁት በዚህ ወቅት ከክፍል የሚቀሩት ተማሪዎች አንዳንዶቹ ከማማው ላይ ናቸው። ከጠላቶቹ ሁሉ የሚከፋው ግሪሳ ነው። አንዲት ግሪሳ ከእፍኝ ያነሰች ናት፤ በቀን 10 ግራም ያህል እህል ትበላለች። አንድ ሚሊዮን ሆና ስትመጣ ግን የቀኑ ቀለብ 100 ኩንታል ይሆናል። ይህ መንጋ በማለዳ ሲነሣ እንደ ጭስ ይጠመዘዛል፣ እንደ ጨርቅ ይታጠፋል፤ ለካሜራ ከዚህ የበለጠ ውብ ትእይንት የለም። ለልጁ ግን የዓመት ጉሮሮ ነው። መንጋውን ለማጥፋት በአውሮፕላን የሚረጨው መርዝ ደግሞ ግሪሳዋን የሚበሉትን ጭልፊቶችና ንስሮችም አብሮ ይጎዳል። በአንድ ማሳ ላይ ውበት፣ ረሃብና መርዝ እንዲህ ተጋጥመው ሳለ መንጋውን ብቻ ከሰማዩ ቆርጦ ማሳየት ድራማውን ጥሎ መጋረጃውን ማንሣት ነው።

በዚህ ላይ የሚነሣ ተገቢ ተቃውሞ አለ። «ወፍ ወፍ ነው፤ ሁሉን ነገር የኅብረተሰብ ጥያቄ ማድረግ ኪነ ጥበብን ያደርቃል» የሚል። ተቃውሞው እውነት አለው። ለአስተማሪ፣ አንዱን ዝርያ ከሌላው ለመለየት፣ ወፉ ብቻውን ጥርት ብሎ የታየበት ምስል ያስፈልገዋል። ደግሞም አንድ ሰው በኅዳር ጤዛ ላይ የቆመ ሽመላ አይቶ ያለ ምንም ምክንያት ቢደሰት መብቱ ነው። ግጥም የሚጽፍ ሰው ይህን ሊክድ አይችልም። ነገር ግን ወፉን ከስፍራው ጋር ማሳየት ውበቱን አይቀንሰውም። በ1969 ዓ.ም. የወጣውን የአንድ ብር ኖት ጀርባ ያስታውሷል፤ ወፎቹ ከጢስ ዓባይ ፏፏቴ ጋር ነበሩ። በገበያ፣ በአውቶቡስና በመቀነት ውስጥ ከእጅ ወደ እጅ የዞረው ይህ ምስል በአገራችን እጅግ በርካታ ሰው ካያቸው የወፍ ምስሎች አንዱ ሳይሆን አይቀርም። ወፉ ውኃውን ይዞ መጣ፤ አላነሰም።

ስለ ቅርፅም ጥቂት እንበል። በረራን ለማስቆም በሰከንድ አንድ ሺኛ ወይም ከዚያ በፈጠነ መዝጊያ ማንሣት ያስፈልጋል፤ ይህ የሙያ ጥያቄ ነው። ከጎጆው ላይ የተቀመጠችን እናት ለበረራ ሲሉ በድንጋይ ማስነሣት ግን የሥነ ምግባር ጥያቄ ነው፤ ጫጩቶቹ ለፀሐይና ለቁራ ይጋለጣሉና። አጭር ሌንስ ይዞ ከማማው ሥር የሚቀመጥ ፎቶ አንሺ ወፉን፣ ወንጭፉንና የልጁን ክንድ በአንድ ፍሬም ሊያገኝ ይችላል፤ ለዚህ የሚያስፈልገው የመሣሪያ ውድነት ሳይሆን የጊዜ ርዝመት ነው። አማርኛችን ላይ ላዩን ማየትን «በወፍ በረር» ይለዋል። የሚያሳዝነው ወፎችን የሚያነሡ ብዙዎች አገሩን የሚያዩት በወፍ በረር መሆኑ ነው።

ከምስሉ ሥር የሚጻፈውም ቃል የምስሉ አካል ነው። ብዙ ጊዜ የምናነበው የባዕድ ስም ብቻ ነው። ቋንቋችን ግን ወፎችን በግብራቸው ሰይሟል፤ ግንደ ቆርቁር፣ ጥንብ አንሣ፣ አባ ኮዳ። እነዚህ ስሞች የብዙ ዘመን ምልከታ ውጤቶች ናቸው። ሳይንሳዊው ስም ይጻፍ፤ ከጎኑ የአገሩ ስም፣ ወሩ፣ ቀበሌውና በዚያ ማሳ ላይ በዚያ ቀን ይሠራ የነበረው ሥራ ይጻፍ። ወፍ እንዳገሩ ይጮኻል ይባል የለም? እንዳገሩም ይነሣ።

በመጨረሻ ወደ ጥንብ አንሣው። ከካርተር ምስል ወዲህ ይህ ወፍ የሞት ምልክት ሆኖ ቀርቷል። ይህም የፎቶግራፍ በደል ነው። በሕንድ እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ ለከብት በሚሰጥ መድኃኒት ምክንያት ዋናዎቹ የጥንብ አንሣ ዝርያዎች ከ95 በመቶ በላይ ባለቁ ጊዜ ጥንብ በየሜዳው ተከማቸ፣ ባለቤት የሌላቸው ውሾች በዙ፤ ወፉ የጤና ሠራተኛ እንደነበር ሰው የተረዳው ከጠፋ በኋላ ነው። በአፍሪቃም እ.ኤ.አ. በ2015 በርካታ ዝርያዎች በከፍተኛ የመጥፋት አደጋ ላይ ካሉት ተመድበዋል። የግብፅ ጥንብ አንሣ የሚባለው ነጩ ወፍ በጋውን በቡልጋርያና በቱርክ አሳልፎ፣ በመፀው ወደ አፋር ይወርዳል፤ እዚህ ከሚገድሉት ነገሮች አንዱ አደገኛ የኤሌክትሪክ ምሰሶ ነው። የኤሌክትሪክ ባቡር እስከ ሐራ ገበያ ለማድረስ በታቀደበትና ሽቦ በሚዘረጋበት አገር ይህን ወፍ ከምሰሶው ጋር ያነሣ ሰው ለኢንጂነሩም ለባለሥልጣኑም የሚጠቅም ማስረጃ አቀረበ ማለት ነው።

ስለዚህ ከሦስት ወገን ሥራ ይጠበቃል። ፎቶ አንሺው ያነሣውን ወደ ተነሣበት ቦታ ይመልስ፤ የሐራ ወፍ ዐውደ ርእይ ከአዲስ አበባ አስቀድሞ በወልድያና በመርሳ ይታይ። መምህሩ ከማማ የወረደውን ተማሪ እንደ ቀሪ ብቻ አይቁጠረው፤ የትኛው ወፍ በስንት ሰዓት፣ ከየት አቅጣጫ እንደሚመጣ ከማንም በላይ የሚያውቀው እርሱ ነውና ለክፍሉ ያስተምር። ካድሬውም የአካባቢውን ውበት በፖስተር ከማወጁ በፊት የወፍ ጥበቃው ልጅ ትምህርቱን ሳያጣ ማሽላው እንዴት ሊጠበቅ እንደሚችል ይምከር። ይህ ሲሆን ፎቶግራፉ ከመሬት ያነሣው ነገር በእርግጥ ተነሣ ይባላል።