የግርጌ ማስታወሻው የት ያደርሳል?

ፎንቆ የሚኖር የእህቴ ልጅ የመመረቂያ ጥናቱን ረቂቅ ላከልኝ። «ጋሼ፣ በቀይ እስክሪብቶ ያርሙት፤ አይራሩልኝ» ይላል አብሮ የመጣው መልእክት። እኔም አልራራሁለትም።

ጥናቱ ስለ ሐዲያ የቀድሞ ታሪክ ነው። ቋንቋው ደህና፣ የዋቢ ዝርዝሩም ሦስት ገጽ ሙሉ። ጉዱ የመጣው የግርጌ ማስታወሻዎቹን ስከተል ነው። አንዱ ወደ አንድ የማስትሬት ጥናት መራኝ። ከዩኒቨርሲቲ ዲጂታል ማኅደር አውርጄ ብከፍተው ሌላ የማስትሬት ጥናት ጠቅሷል። ያኛው ደግሞ የጀርመናዊውን የኡልሪሽ ብራውኬምፐርን መጽሐፍ። ይህ ሰው የሐዲያን ታሪክ እ.ኤ.አ. በ1980 በጀርመንኛ አሳትሟል፤ እንግሊዝኛው የወጣው በ2012 ነው። እሱስ ከየት አመጣው? አብዛኛውን ከሽማግሌዎች አፍ፣ በዚያው አቆጣጠር በ1970ዎቹ መጀመሪያ ሐዲያ ድረስ መጥቶ። እንግዲህ ከፎንቆ የተነሳው ማስታወሻ ጀርመንን ዞሮ ያረፈው እዚያው ጎረቤት ደጃፍ ላይ ነው!

ደወልኩለት።

«ዋናውን ምንጭ ለምን አልፈለግህም?»

«ፈልጌ ነበር ጋሼ። ማኅደሩ ውስጥ የለም።»

«ምን ብለህ ጻፍክ?»

«ሐዲያ ዞን።»

እዚህ ላይ ልቆጣው አልቻልኩም። በ1950ዎቹ የተጻፈ ደብዳቤ «ሐዲያ ዞን» የሚባል ነገር ከየት ይሰማል? ሆሳዕና ራሷ ዋቸሞ የተባለችበት ዘመን አለ። በላቲን ፊደል ሐዲያን አንዱ በአንድ «ዋይ» ሌላው በሁለት ይጽፋታል፤ ፎንቆም አንዴ በ«ኬ» አንዴ በ«ኪው» ነች። መፈለጊያ ሳጥኑ ይህን ካልነገሩት አያውቅም። «አልተገኘም» ሲል ብዙ ጊዜ «በዚህ ስም አላውቀውም» ማለቱ ነው። ማኅደር አደራጆችን የምወቅሰውም በዚህ ነው፤ ወረቀቱን ስካን አድርጎ መጫን የሥራው ግማሽ እንኳ አይደለም።

የዓፄ ዓምደ ጽዮንን ዜና መዋዕል ጠቆምኩት። ፔሩሾን የተባለ ፈረንሳዊ እ.ኤ.አ. በ1889 ግዕዙን ከነትርጉሙ አሳትሞታል፤ ዛሬ ፓሪስ ሳይሄዱ በስልክ ይነበባል። የሐዲያው ገዥ አማኖ ለንጉሡ አልገብርም ማለቱ እዚያ ተጽፏል። ልጁ በደስታ እንዳለ ሊገለብጠው ተነሳ። ቆይ፣ አልኩት። አማኖን መከረ የተባለውን ሰው ጸሐፊው ሐሰተኛ ነቢይ ያደርገዋል፤ ስሙንም በለዓም ይለዋል። ኦሪት ዘኍልቍን ላነበበ ይህ ስም እንግዳ አይደለም፤ እስራኤልን እንዲረግም በገንዘብ የተጠራው ሰው ነው። ታዲያ ይህ የሰውዬው መጠሪያ ነው ወይስ የቤተ መንግሥቱ ጸሐፊ ስድብ? ዋና ምንጭ ስንል ለነገሩ ቅርብ የነበረ ማለታችን እንጂ እውነተኛ ማለታችን አይደለም። ይሄኛው ቅርብ ነበር፤ የቆመው ግን ከአሸናፊው ጎን ነው። (ይህንኑ ክፍል ውስጥ ስንት ዓመት ለፈለፍኩ፤ ተማሪዎቼ ለፈተና ሸምድደው ረሱት።)

«የአባትህ አባት ሳጥን ውስጥ የቆየ ወረቀት የላቸውም?» አልኩት በመጨረሻ።

በማግስቱ ፎቶ ላከልኝ። ጠርዙን ምስጥ የበላው የመሬት ግብር ደረሰኝ ነው። ራስጌው ላይ «ሸዋ ጠቅላይ ግዛት፣ ከምባታና ሐዲያ አውራጃ» ይላል። ለካስ ልጁ በዞን ሲፈልጋት የከረመችው አገሩ ሸዋ ሥር ተቀምጣ ኖሯል! አውራጃዋን ጽፎ ሲሞክር ያንኑ ማታ «የለም» ከተባለበት ማኅደር ሁለት የቆዩ ሪፖርቶች አወጣ።

ከዚያ ደወለ።

«ጋሼ፣ ደረሰኙን ልጠቅሰው ፈልጌ ነበር። ግን የትኛውም ማኅደር ውስጥ የለም። የት ይገኛል ብዬ ልጻፍ?»

«አያትህ ሳጥን ውስጥ፣ ፎንቆ።»

ጻፈው። አማካሪው ይቀበለው አይቀበለው ገና አልሰማሁም።