«አናደደ» ብቻ አይበቃም

በእንግሊዝኛ–አማርኛ ትርጕም ሥራዎች «አኖይ»፣ «ኢሪቴት» እና «ኦፌንድ» በአንድነት «አናደደ» ተብለው ሲፈቱ ደጋግመን እናያለን። ይህ አፈታት የስሜቱን መነሻ ይሰውራል።

«አኖይ» ሰላም የሚነሣ ጥቃቅን ነገርን ስለሚያመለክት «አበሳጨ» ይስማማዋል። «ኢሪቴት» ስለ ቆዳም ስለ ሰውም ይነገራል፤ እኛም «ቍስሉ ተቈጣ» ስለምንል «አስቈጣ» ሁለቱንም ይሸከማል። «ኦፌንድ» ግን ምንጩ መጋጨትን የሚገልጽ የላቲን ግሥ ሲሆን፣ ሰውን በተመለከተ ክብር መነካቱን ይናገራል፤ አቻው «አስቀየመ» ነው።

«ተቀየመ» ስንል በዳይ እንዳለ እንጠቍማለን፤ ዕርቅም ይጠበቃል። «ተናደደ» ስንል ግን ነገሩ ወደ ተናዳጁ ጠባይ ያዘነብላል። ስለዚህ ተርጓሚው አስቀድሞ በደል መኖር አለመኖሩን ይመርምር፤ አለዚያ ተበዳዩን ግልፍተኛ ያሰኘዋል።