የጤና መድን መረጃ ለምርምር፦ ከጫግኒ ሲታይ

ማኅበረሰብ አቀፍ ጤና መድን በ2003 ዓ.ም. በአራት ክልሎች፣ በ13 ወረዳዎች በሙከራ ደረጃ ሲጀመር ዋና ዓላማው አርሶ አደሩ ለሕክምና ብሎ በሬውን ከመሸጥ እንዲድን ነበር። በአማራ ክልል የተመረጡት ደቡብ አቸፈር፣ ፎገራና ተሁለደሬ ነበሩ። ሥርዓቱ እየሰፋ ሲሄድ የክፍያ ጥያቄ ሰነዶቹም ተከማቹ፤ ሰነዶቹን ለኅብረተሰብ ጤና ምርምር የማዋል ሐሳብም ተከተለ።

ሐሳቡ መልካም ነው። ችግሩ ያለው በአርአያነት በሚጠቀሰው አገር ላይ ነው። ታይዋን እ.ኤ.አ. ከ1995 ጀምሮ ሁሉንም ዜጋ ለማለት በሚቻል ደረጃ በአንድ ግዴታዊ መድን ስላቀፈች፣ የመድን መዝገቧን የሕዝቧ መዝገብ አድርጎ መውሰድ ብዙም አያሳስትም። በጫግኒ ግን እንዲህ አይደለም።

ሳንባ ነቀርሳን እንውሰድ። ምርመራውና ሕክምናው ከክፍያ ነፃ ስለሆነ ጤና ተቋሙ ለዚህ አገልግሎት ከመድኑ ክፍያ አይጠይቅም። ወሊድና ክትባትም እንደዚሁ ናቸው። የጓንጓ ወረዳን የክፍያ ሰነድ ብቻ ያገላበጠ ተመራማሪ ሳንባ ነቀርሳ ከአካባቢው ጠፍቷል ብሎ ሊደመድም ይችላል! ከመድኃኒት ቤት ታጥቶ ከግል የተገዛ መድኃኒትም ብዙ ጊዜ በሰነዱ ላይ አይታይም። ደግሞም ሰነዱን የሚሞላው ባለሙያ የሚያስበው ስለ ኦዲተሩ እንጂ ስለ ኤፒዲሚዮሎጂ አይደለም።

ከሁሉ የሚከብደው የታኅቱ ጉዳይ ነው። በ2013 ዓ.ም. ከመተከል ዞን በግጭት የተፈናቀሉ በአሥር ሺዎች የሚቆጠሩ ሰዎች በጫግኒ ተጠልለው ነበር። አባልነት በመኖሪያ ቀበሌ በሚመዘገብ ቤተሰብ ላይ የተመሠረተ በመሆኑ፣ በመጠለያ ውስጥ በወባ ወይም በተቅማጥ የታመመ ሕፃን በዚያ መዝገብ ውስጥ ቦታ የለውም። የመድኃኒት ዕቅድ በዚህ ቁጥር ብቻ ቢዘጋጅ የሚጎድልበት ይኸው ሕፃን ነው።

የምስጢር ጥበቃም ቀላል ጉዳይ አይደለም። በትንሽ ከተማ ስምን መሰረዝ በቂ አይሆንም፤ ቀበሌ፣ ዕድሜና የምርመራ ውጤት ተደምረው ሰውየውን ያሳውቃሉ። አባሉ መዋጮ የከፈለው ለመታከም እንጂ ለመጠናት አይደለምና የሥነ ምግባር ኮሚቴ ፈቃድ እንደ ወግ ሊታይ አይገባም።

ሰነዱ የሚያስተማምንበት መስክ የለም ማለት ግን አይደለም። የደም ግፊትና የስኳር ሕሙማን የሆኑ አባላት ስንት ጊዜ እንደተመላለሱ፣ ከጤና ጣቢያ ወደ ሆስፒታል ማን በምን ምክንያት እንደተላከና ምን ያህል ወጪ እንዳስከተለ ይነግራል። የበሽታን ስርጭት ለመለካት ግን ከጤና ተቋማቱ ወርኃዊ ሪፖርትና ከሳንባ ነቀርሳ መዝገብ ጎን ለጎን መነበብ አለበት። ለዚህም የካርድ ቁጥሩና የመድን መታወቂያ ቁጥሩ በካርድ ክፍሉ በአንድነት ቢመዘገቡ ሥራው ይጀመራል።