ዜማው ተያዘ፤ ቃሉስ?

ሰሞኑን እዚህ ሐራ አንድ ደረሳ አዲስ አበባ የተቀረጸ መንዙማ በስልኩ ሲያዳምጥ አገኘሁት። «ምን ይላል?» ብዬ ጠየቅሁት። ዜማውን አንጎራጎረልኝ፤ ቃሉን ግን አልያዘውም።

በአጤ ዮሐንስ 4ኛ ዘመን የታወቁት የወሏችን ሸህ ጦልሃ ኢብን ጃዕፈር (ረሒመሁላህ) አማርኛውን በዐረብኛ ፊደል እየጻፉ መንዙማ የደረሱት ዐረብኛ ያልተማረውም እንዲገባው ነበር። ድቤውና ጭብጨባው ቃሉን ይሸከሙ ነበር። ዛሬ በስቱዲዮ መሣሪያው ቃሉን ሲውጠው እንሰማለን።

የከተማው ከያኒ ድካሙ አይካድም፤ መንዙማውን ለወጣቱ ጆሮ አድርሷል። ነገር ግን ጥፋቱ የእርሱ ብቻ ነውን? እኛ መምህራንስ በየሣጥኑ የተኛውን የአጀሚ ጽሑፍ ስንቱን ገልብጠን አስነበብን? ቃሉን ያላስተማርነው ልጅ ዜማውን ብቻ ቢይዝ ምን ይገርማል?

እንግዲህ ወገኖቼ! መንዙማ ስትሰሙ ትርጉሙን ለልጆቻችሁ ንገሩ። ወላሁ አዕለም።